መዶሻ በሕፃናቱ ቤት

ሰፈራችን ውስጥ መዶሻ የሚሉት በያጅ አለ። ስሙን ከሥራው ያገኘው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እሱ ግን ያገኘው ከጡጫው ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ በር ያሠራ አንድ ደንበኛ “በሩ ተንሻፈፈ” ብሎ መጥቶ እናቱን ቢሰድብበት፣ አንዴ ብቻ ሰንዝሮ አራት ጥርሱን አረገፈለት። ስድስት ወር ታሰረ። ሰውየው በባዶ ድዱ እየተኮላተፈ “የመታኝ ሰው አይደለም፣ መዶሻ ነው” ሲል ከረመ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

እኔ ያደግሁት ከእሱ ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርተን ነው። ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የብረት በሩ ይንቋቋል፣ ቀጥሎ ቀበቶው ይሰማል፣ ቀጥሎ ልጆቹ። እናቴ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ታደርግና ወደ ጓዳ ትገባለች። ደፍሮ የሚናገረው አልነበረም፤ ጥርሱን የማይወድ ማን አለ? አንድ ቀን ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ወንድ ልጁን በጥፊ አጮለው። የልጁ ግራ ጆሮ ደማ፤ ከዚያ ወዲህም አልሰማ አለ። ሚስቱ በማግስቱ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ልብሷን እንኳ ሳትሰበስብ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ጠጣ፣ ፈነከተ፣ ተፈነከተ። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ሲያፈስ እሱን የጠሩት ሌላው በያጅ ታሞ ስለነበር ነው። ከታች ስብከት፣ ከላይ መዶሻ፤ ሰባኪውና እሱ እየተሻሙ ዋሉ። ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ ግን መሰላሉ ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኙት። ሰፈርተኛው “የወጣው አንድ ሰው፣ የወረደው ሌላ” እያለ ቀለደበት። ቀልዱ እውነት ሆነና ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ላይ እጁን ሳያነሣ ኖረ። መጠጡንም እርግፍ አድርጎ ተወ። ያም ሆኖ “የተዳፈነ እሳት የጠፋ ይመስላል” ብለው በጉባኤው መሐል ከጎኑ የማይቀመጡ አልጠፉም።

ቤተ ክርስቲያናችን በየሁለት ዓመቱ ወደ ሌላ አገር የአገልግሎት ቡድን ትልካለች። የምንሄደው ወላጆቻቸው በጦርነት ያለቁባቸውና ከጎዳና የተሰበሰቡ ሕፃናት ወደሚያድጉበት አንድ ቤት ነው። ያን ዓመት የተመረጥነው አምስት ነበርን፤ ቡድኑን የሚመሩት የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌ፣ ሁለት ነርሶች፣ የአገሩን ቋንቋ ስለምችል በአስተርጓሚነት እኔ፣ እንዲሁም የልጆቹ ተደራራቢ አልጋዎች ስለተሰባበሩ አንድ በያጅ። ኮሚቴው መዶሻን ለመውሰድ ሁለት ስብሰባ ፈጀበት። በመጨረሻ ሽማግሌው “ስለ እሱ የምጠየቀው እኔ ነኝ” አሉና ነገሩ ተዘጋ።

የደረስነው በቀትር ነው። ሕንፃው ድሮ ባለ አንድ ፎቅ መጋዘን ነበር፤ መስኮቶቹ ከፍታ ላይ ያሉና ጠባቦች ናቸው፣ ግቢው ጠጠር ፈስሶበታል፣ የመግቢያው የብረት በር በአንድ ማጠፊያ ብቻ ተንጠልጥሎ በሰንሰለት ይታሰራል። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አበባና ቢራቢሮ ተስሏል። ሠላሳ ስምንት ልጆች በቁመታቸው ተሰልፈው ዘመሩልን። የቤቱ ኃላፊ ቀጠን ያለ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠለ ሰው ነበር። የእያንዳንዱን ልጅ ስም፣ ዕድሜና ታሪክ ወረቀት ሳያይ ነገረን። ነርሶቹ ወደዱት። አልደብቅም፣ እኔም ወደድኩት። መዶሻ ግን ከጨበጠው በኋላ መዳፉን በሱሪው ጠረገ።

በሁለተኛው ቀን አልጋዎቹን ሲያገላብጥ ቆይቶ ጠራኝ። እኔ “ጋሼ” እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ “ጎረቤቴ” ይለኛል።

“ጎረቤቴ፣ እስቲ እዪው” አለኝ። ፍራሹን ከሚሸከሙት ፌሮዎች አንዱ ጎድሏል። በሚቀጥለው አልጋም አንዱ ጎድሏል። ዘጠኝ አልጋ አሳየኝ፤ ከሁሉም በግርጌ በኩል ያለው አንድ ፌሮ የለም። ልጆቹ ሲዘሉበት ተሰብሮ ይሆናል አልኩት። ጫፉን በጣቴ አስነካኝ። የተሰበረ ብረት እንደሚቆረፍድ፣ ይሄኛው ግን በመጋዝ ስለተቆረጠ ልስልስ እንዳለ አስረዳኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እነዚህ ልጆች ይመታሉ” አለ።

“እንዴት አወቅህ፣ ጋሼ?”

“የኔዎቹም እንዲሁ ነበር የሚቆሙት። ሰው ባጠገባቸው ሲያልፍ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይወጣል።”

ከዚያ በኋላ እኔም ሳልፈልግ ማየት ጀመርኩ። ነርሶቹ ለእከክ መድኃኒት ሊቀቡ ልጆቹን ሲያጥቡ፣ የውስጥ እግራቸው የጠቆረ፣ ጭናቸው ላይ ጣት የሚያህል ሰንበር የተጋደመባቸው ሰባት ልጆች ተገኙ። እኔ እየጠየቅሁ እተረጉማለሁ፤ መልሱ አንድ ነው፤ “ወድቄ ነው።” የስድስት ዓመቱም ወድቆ ነው፣ የዐሥራ ሁለት ዓመቷም ወድቃ ነው። አንዷ ነርስ የእያንዳንዱን ልጅ ሰንበር ከነቦታው ደብተሯ ላይ ጻፈች። በአራተኛው ቀን ደግሞ ሦስት ልጆች ግቢው መሐል ጠጠር ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው፣ እርጥብ አንሶላ ጭንቅላታቸው ላይ ተደርቦ አየን። አልጋ ያረጠበ ልጅ አንሶላው እስኪደርቅ እንዲያ ይቆማል። ኃላፊው እየሳቀ ትንሽ ማፈር ቶሎ እንደሚያስተዋቸው ነገረን። እኔም ለቡድኑ ተረጎምኩላቸውና ወደየሥራችን ተመለስን፤ ሌላ ምን እናድርግ?

ከሦስቱ አንዷ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ደቃቃ ናት። መዶሻ በኛ አጠራር ሚጣ ብሎ ስም አወጣላት። የሚያወራው በቋንቋችን፣ የምታዳምጠው በቋንቋዋ፤ ሆኖም የብየዳ ማሽኑ ሲጠፋ እየመጣች ብልጭታው የወጣበትን ቦታ ከሩቅ ታያለች። አትጠጋም። በሁለቱ መሐል ስንት ክንድ አለ ብትሉኝ አሁንም መለካት እችላለሁ፤ አንድ ቀንም ያንን አላለፈችም።

በአምስተኛው ቀን ምሳ ላይ መዶሻ ኃላፊውን የጎደሉት ፌሮዎች የት እንዳሉ በኔ አፍ ጠየቀው። ሌባ ወስዷቸው ይሆናል አለ። መዶሻ ማንኪያውን አስቀመጠና “ብረቶቹን አገኛቸዋለሁ፤ በማን ላይ እንዳረፉም አውቃለሁ በይው” አለኝ። እኔ ለኃላፊው የተረጎምኩት “ሌላ ብረት ይፈልጋል” ብዬ ነው። እንግዶች ነን፣ ማዕድ ላይ ነን፣ ጠብ ይነሣል ብዬ ፈራሁ። ኃላፊው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መዶሻ ፈገግታውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ማንኪያውንም መልሶ አነሣ።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ገመድ ፍለጋ ዕቃ ቤት ገብቶ ከዱቄት ጆንያዎቹ ጀርባ ዘጠኙንም አገኛቸው። መያዣቸው ላይ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል፤ እጅ እንዳይልጥ። ሳይነካቸው ወጥቶ ለሽማግሌው ነገራቸው። እሳቸው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ፤ እኔም ነበርኩ። ሽማግሌው ፈሪ ሰው አይደሉም። ዛሬ ብንጮህ ነገ በሩ እንደሚዘጋብን፣ በሩ ከተዘጋ ደግሞ ልጆቹን የሚያያቸው እንደማይኖር፣ ስለዚህ ሥራችንን ጨርሰን የነርሷን ደብተር ይዘን ቤቱን ለሚያስተዳድረው ቦርድ ማቅረብ እንደሚሻል ተናገሩ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አውጥተው እጁን እንዳያነሣ አስማሉት። ማለ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፣ መዶሻ የግቢውን በር ማጠፊያዎች በይዶ ጨርሶ መቀርቀሪያውን ሊገጥም ጭምብሉን አጥልቆ ነበር። እኔና ነርሶቹ ኮሪደሩ ላይ ነን። ሚጣ በዚያ ቀን አንሶላዋን አርጥባ፣ ጠጠሩ ላይ መቆሙን ፈርታ ማብሰያ ክፍሉ ውስጥ ከሳጥን ጀርባ ደብቃው ኖሯል። ኃላፊው አገኘው። በክንዷ ይዟት ባጠገባችን ሲያልፍ ፈገግ ብሎ ትንሽ እንደሚነጋገሩ ነገረን። ዕቃ ቤት አስገብቷት በሩን ቆለፈ።

የመጀመሪያው ጩኸት ሲሰማ የመዶሻ ማሽን ጸጥ አለ። በሁለተኛው ጩኸት እሱ በሩ ላይ ነበር። በትከሻው ሁለት ጊዜ ገጭቶ በሩን ከነመቃኑ ነቀለው። ከኋላው ደርሼ አየሁ፤ ኃላፊው ፌሮውን ከራሱ በላይ አንሥቷል፣ ሚጣ ክንዷን ፊቷ ላይ ጋርዳለች። ብረቱ ወረደ። ደረቅ ማገዶ ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ሚጣ አልጮኸችም፤ አፏን ከፍታ ቀረች።

መዶሻ የሰውየውን አንጓ ያዘና ጠመዘዘው። ብረቱን ከእጁ ፈልቅቆ ወሰደ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ መደርደሪያው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ኃላፊው ግን ሸሚዙን ወደ ሱሪው እየከተተ፣ በተረጋጋ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ።

“ምን አለ?” አለኝ መዶሻ፣ ዓይኑን ከሰውየው ሳይነቅል።

ያን ቀን አላለዘብኩም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። “ ‘እነዚህ ያለ ዱላ ሰው አይሆኑም፤ ልጆች ካሉህ አንተም ታውቀዋለህ’ ነው የሚለው” አልኩት።

የመጀመሪያው ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። የሰውየው ማጅራት ከመደርደሪያው ጋር ተላትሞ ጣሳዎቹ ወረዱ። ሊንሸራተት ሲል በአንገትጌው ደግፎ ደገመው፤ ሠለሰው። ከዚያ በቀበቶው ይዞ እየጎተተ ወደ ግቢው አወጣው፤ የቁልፍ ዘለላው ኮሪደሩን ሙሉ እየጮኸ ተከተለ። ጠጠሩ ላይ አጋድሞት ደረቱ ላይ ተንበረከከ። ሽማግሌው ሮጠው መጥተው ክንዱ ላይ ተንጠለጠሉ። ማን እንደሆኑ ሳያይ ወረወራቸው፤ ግንባራቸው ከግድግዳ ተጋጭቶ ተሰነጠቀ። መማታቱን ቀጠለ። የሰውየው አፍንጫ ወደ አንድ ጉንጩ ዞሯል፣ አንድ ዓይኑ አይታይም፣ በአፉ የደም አረፋ ይወጣል። “ጋሼ፣ ይሞትብሃል” አልኩ። መጮኼን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

ያቆመው በኔ ቃል አይደለም። ቀና ሲል ልጆቹን አያቸው። ሠላሳ ሰባቱም ግድግዳውን ተደግፈው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በቁመታቸው ተሰልፈው ነበር። ትንንሾቹ ከፊት፣ ትልልቆቹ ከኋላ። ተራቸውን እየጠበቁ ነበር።

ተነሣ። እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ። ሚጣ በጆንያዎቹ መሐል ተቀምጣ የተሰበረ ክንዷን በሌላው ታቅፋለች። ተንበርክኮ ሊያነሣት ሁለት እጁን ዘረጋ። እጁ እስከ አንጓው ደም ነው። እሷ በቂጧ ወደ ኋላ እየተሳበች ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ አንድ ቃል ደጋግማ ታወራለች።

“ምን ትላለች?”

ዓይኔን ወደ ጆንያዎቹ መለስኩ።

“ጎረቤቴ፣ ምን እያለችኝ ነው?”

“ ‘ሁለተኛ አይለምደኝም’ ነው የምትለው” አልኩት።

እጁን ሰበሰበ። ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ነርሶቹ አንዷ ወደ ሚጣ፣ አንዷ ወደ ኃላፊው ሮጡ። ሽማግሌው ግንባራቸውን በመሐረብ ይዘው ፖሊስ እንድጠራ አዘዙኝ፤ ደወልኩ። ከኛ በፊት ግን ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ደውሎ ኖሯል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የኃላፊው ሁለት ወንድሞች ከሚሠሩበት የድንጋይ መፍለጫ ዐሥር ያህል ሰው አስከትለው፣ ዱላና አካፋ ይዘው በመንገዱ ጫፍ ብቅ አሉ።

የግቢው በር መቀርቀሪያ ገና አልተገጠመለትም፤ ሰንሰለቱም ለብየዳው ተፈትቶ ነበር። መዶሻ ተነሥቶ በሩን አየው፣ መንገዱን አየ፣ እኛን አየ። ልጆቹን ሁሉ ፎቅ አውጥተን ደረጃው ላይ ያለውን በር ከውስጥ እንድንዘጋው ነገረን። ሽማግሌው እጁን ያዙት።

“የሚፈልጉት እኔን ነው። እዚህ ካገኙኝ እዚህ ይገባሉ” አላቸው። ከዚያ ወጥቶ በሩን ከኋላው ሳበና ጀርባውን አስደግፎ ቆመ።

እኔ ከፎቁ ጠባብ መስኮት አየሁ። አንድ ልጅ እግሬን ይዞ ነበር፤ እንዳያይ ጭንቅላቱን ቀሚሴ ውስጥ ቀበርኩት። እኔ ግን አየሁ። መዶሻ ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ቀብሮ ነበር። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ ሲያርፍ እጁን አላወጣም። በአካፋ ጎኑን ሲሉት ጎበጠ እንጂ አላወጣም። በጉልበቱ ወደቀ፤ በጫማ መንጋጋውን ረገጡት። ያ ሰው ቢፈልግ ከነሱ ሦስቱን ይዞ ይሞት ነበር፤ ሰፈራችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አንዱ ወንድም ድንጋይ አንሥቶ ወገቡ ላይ ጣለበት። እኔ መቁጠር አልቻልኩም። ሲወድቅ እንኳ ከበሩ ጋር እንደተጣበቀ ስለነበር በሩን ለመክፈት እሱን መጎተት ነበረባቸው፤ እየጎተቱት ሳለ የፖሊስ መኪና ደረሰ።

ፖሊሶቹ መጀመሪያ ሊይዙ የፈለጉት እኛን ነበር። ይህን የለወጠችው የቤቱ ምግብ አብሳይ ናት። ወፍራም፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል አልሰማሁባትም። ከዕቃ ቤቱ ዘጠኙን ፌሮዎች በሽርጧ ታቅፋ አምጥታ የመቶ አለቃው እግር ሥር ዘረገፈቻቸው። እንጨቱ በቶሎ ስለሚሰበርበት ነው ወደ ብረት የዞረው አለች። እሷም ለአራት ዓመት አይታ ዝም እንዳለች፣ ለዚያም መታሰር ካለባት እንደምትታሰር ተናገረች። ይህንንም ለሽማግሌው ተረጎምኩላቸው።

ሦስት የጎን አጥንት፣ መንጋጋው፣ የዳሌው አጥንት። መዶሻ በካቴና ከአልጋ ጋር ታስሮ ሆስፒታል አርባ ቀን ተኛ። ኃላፊውም ከሁለት ክፍል አልፎ ተኝቶ ነበር፤ ተረፈ፣ አንድ ዓይኑን ግን አጣ። ቡድናችን ወደ አገሩ ሲመለስ እኔና ሽማግሌው ቀረን። የመንግሥት ጠበቃ ቆሞለት፣ ሕፃኗን ከሞት ለማዳን ስል መታሁት ብሎ እንዲናገር መከረው፤ እንዲህ ካለ ነጻ ሊወጣ እንደሚችልም ነገረው። መዶሻ በሽቦ የታሰረ መንጋጋውን በመዳፉ ይዞ ሰማው።

ችሎት ላይ ዳኛዋ ጠየቀችው፤ ብረቱ በማን እጅ ሳለ ነው የመታኸው? እሱ መጀመሪያ ወደኔ ዞረ። “ጎረቤቴ፣ እንደ ምሳው ቀን እንዳታደርጊ” አለኝ። ዐውቆ ኖሯል። ከዚያ ቀጠለ፤ “ብረቱን ቀምቼ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። ልጅቷን ያዳንኳት ስቀማው ነው። የመታሁት ለራሴ ነው።” አንድም ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ተረጎምኩት። ጠበቃው ወረቀቶቹን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ኃላፊው በነርሷ ደብተር፣ በፌሮዎቹና በምግብ አብሳይዋ ቃል ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ወንድሞቹ ሁለት ሁለት ዓመት። መዶሻ ዐሥራ አንድ ወር ተፈርዶበት፣ ጨርሶ ወጥቶ ወደ አገሩ ተላከ። ሲሄድ ግራ እግሩን ይጎትታል።

የመጣበት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጢም ብላ ሞላች። በፊት ከጎኑ የማይቀመጡት ሁሉ የፊት ወንበር ይዘዋል። ምስክርነት እንዲሰጥ መድረክ ላይ ሲወጣ ጉባኤው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እልልታም ተሰማ። ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀ። “አታጨብጭቡልኝ” አለ። “አንዲት ሕፃን ክንዷ ተሰብሮ ‘ሁለተኛ አይለምደኝም’ ብላ ለምናኛለች። እሱን አይደለም የለመነችው፤ እኔን ነው።” ይህን ብሎ ወረደ። መዝሙር ሳይዘመር ሽማግሌው ግንባራቸው ላይ ያለውን ጠባሳ እያሹ ጸሎት አድርገው አሰናበቱን።

ሰዎች ይህን ሳወራ ጆሮው ስለ ደማው ስለ መዶሻ ልጅ ይጠይቁኛል። ልጁ አድጓል፣ ይሠራል፣ የት እንዳለም ይታወቃል። አባቱ ደብዳቤ ጽፎለታል፤ መልስ አልመጣም። መዶሻም ሁለተኛ አልጻፈም፤ ባልመጣ መልስ ሰውን ማስጨነቅ ሌላ ዱላ ነው ይላል።

ባለፈው ዓመት ወደዚያ ቤት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ቦርዱ ምግብ አብሳይዋን የቤቱ ኃላፊ አድርጓታል፤ አሁንም ብዙ አታወራም፣ ቁልፎቹን ግን ከግድግዳው ላይ ሰቅላቸዋለች፣ ማንም ይወስዳቸዋል። ሚጣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ክንዷ ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የገጠመው፤ ኳስ ስትወረውር ይታያል። ሁለት ቀን ስትሸሸኝ ቆይታ በሦስተኛው አጠገቤ ተቀመጠችና ያ ትልቅ ሰውዬ አሁንም ይናደድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለማላውቅ እጠይቅልሻለሁ አልኳት።

እንደተመለስኩ ወርክሾፑ ሄድኩ። የመስኮት ፍሬም እየበየደ ነበር። ጥያቄዋን ስነግረው ጭምብሉን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

“እናደዳለሁ በያት” አለ። “ሲመጣብኝ ግን ተነሥቼ በእግሬ እሄዳለሁ። እስከ የት ካለችሽ፣ እስኪበርድልኝ በያት። አንዳንድ ቀን ሩቅ ነው።”

እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት። እሱም ፍሬሙን ገልብጦ በሌላው ጎን መበየድ ጀመረ።